ስልክ የማይሠራበት ሽርሽር

«ይቺ ልጅ ትከሻዋን ለምን ሸፈነች?»

ፊኪሌ ይህን የጠየቀችው ራሷን ነው...

በመርከቡ መዋኛ ዳር፣ በጉዟቸው ሁለተኛ ቀን ጠዋት።

አንዲት የማታውቃት ወጣት በዋና ልብስ ተጋድማ ጁሷን እየመጠጠች ነበር። ልክ የፊኪሌ አማት ማዞንዲ ከደረጃው ብቅ ሲሉ ግን እሳት እንደነካት ብድግ አለች።

ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ፀጉሯን በሻርፕ ሸፈነች።

ከዚያ እግሯን አጥፋ ወለሉ ላይ ቁጭ... አይኗን ሰበር።

ማዞንዲ ደንግጠው በእጃቸው «ተነሺ፣ ተነሺ!» እያሉ ምልክት ሰጧት። ፊኪሌ ይህንንም አየች።

ወገኖቼ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ለኖርን ሰዎች ይሄ ቀልድ አይደለም። ለማንኛዋም አሮጊት ከወንበር ተነስተህ ሰላም ትላለህ፣ አለቀ። ዙሉ ሴት ትከሻዋን ሸፍና ወለል ላይ የምትቀመጠው ለባሏ እናት ነው።

ፊኪሌም ባገባች ጊዜ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተቀምጣለች። ያውም ለእኚሁ ለማዞንዲ።

ማዞንዲ ደግሞ የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው... ምቱንዚን። የፊኪሌን ባል።

ትናንት ከደርባን ሲነሱ ፊኪሌ ልጇን አቅፋ በደስታ አልቅሳ ነበር። በአስራ አንድ ዓመት ትዳር የመጀመሪያዋ ሽርሽር ናት። ለመንገድ ብላ የቀቀለችውን ዶሮና የእንፋሎት ዳቦ የወደቡ ጥበቃዎች ሲቀሟት እንኳን አልከፋትም።

«አይ አንቺ ገጠሬ! መርከብ ላይ እኮ ምግቡ በነፃ ነው!» እያለ ምቱንዚ አሾፈባት። አብራው ሳቀች።

አምና ማዞንዲ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሰባት ወር ያጠበቻቸውና ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። «ይሄ ጉዞ የምስጋናሽ ነው» አላት ባሏ። ማዞንዲም ግንባሯን ስመው «ልጄ፣ እረፍት ይገባሻል» ብለዋታል።

አዎ፣ ስመዋታል...

ፊኪሌ ቀስ ብላ ወደ ወጣቷ ሄደች።

«ስምሽ ማነው እህቴ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷ በራ። «ዛማ እባላለሁ፣ እትዬ ፊኪሌ። እራት ላይ ነው የምናስተዋውቃችሁ ብለውኝ ነበር እኮ... ቀድመን ተገናኘን!»

«ማን ነው የሚያስተዋውቀን?»

«ምቱንዚ ነዋ! እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ሲመጡ የአባቴ የመጀመሪያ ጥያቄ "ታላቂቱ ሚስት ፈቅዳለች ወይ?" ነበር። እርስዎ እሺ ባይሉ አይሰጠኝም ነበር።»



«እሺ ብላለች ያለው ማነው?»

ዛማ ግራ ገብቷት ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ ናቸዋ... ራሳቸው ለአባቴ ደውለው አረጋገጡለት።»

በዚህ መሃል ምቱንዚ ድንች ጥብሱን በሳህን ይዞ ደረሰ። ሁለቱን ሴቶች አብረው ሲያይ ሳህኑን የሚያስቀምጥበት ጠፋው።

«ፊኪ፣ በቃ ተረጋጊ። ማታ ልነግርሽ ነበር።»

«ለምን ቤታችን አልነገርከኝም?»

እሱ ግን ባሕሩን ማየት ጀመረ፣ ትናንት ያላየው ይመስል።

የመለሱላት ማዞንዲ ናቸው።

«ቤት ብንነግርሽማ ወንድሞችሽን ትጠሪያቸዋለሽ። ከአገርሽ ከኤሾዌ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከነዱላቸው ደርሰው ግቢውን ያተራምሱታል። እዚህ ስልኩም አይሠራ፣ የምትሄጂበትም የለ... ታለቅሺ ታለቅሺና ስንመለስ ይወጣልሻል ብለን ነው።»

ብለን ነው!

ሰማችሁልኝ? ምስጋና የተባለው ሽርሽር ለካ ሴትየዋ ጮሃ የሚሰማት እንዳይኖር ታስቦበት የተያዘ ነው። ምቱንዚ «የመርከቡ ኢንተርኔት ውድ ነው፣ ለእረፍት አይደል የመጣነው?» ያለውም ለዚሁ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ፊኪሌ ባሏን አልሰደበችም። ዞራም አላየችው።

«እማዬ... እሱስ ወንድ ነው፣ ልቡ ሸፈተ ልበል። እርስዎ ግን እንዴት ያደርጉብኛል? በነዚህ እጆቼ ነው እኮ ያጠብኩዎት!»

«ምን ላድርግ... ልጄ ነው» አሉ ማዞንዲ።

«እኔስ? አስራ አንድ ዓመት ሙሉ "ልጄ" ሲሉኝ የኖሩትስ?»

አሮጊቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ዛማ ከወለሉ ተነሳች። ሻርፑን ከፀጉሯ ላይ አውልቃ አጣጠፈችና ማዞንዲ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ ይሄ ይቅርብኝ። ለአባቴ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

ከዚያም የፊኪሌን እጅ ይዛ «እትዬ፣ በእናቴ ሞት አላወቅኩም» አለቻት። አለቀሰች።

በቀሩት ሁለት ቀናት ፊኪሌ ልጇን ይዛ ዛማ ክፍል አደረች። ምቱንዚና እናቱ አንድ ክፍል ቀሩ። ሁለቴ መጥቶ በር አንኳኳ። ሁለቴም በሩን ሳትከፍት «ሂድ፣ ተኝታለች» ያለችው ያቺው ሙሽራዬ ያላት ልጅ ነች።

ፊኪሌ ጎረቤቴ ናት። ይህን ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ፦

«እዚያ መርከብ ላይ እንባዬን የጠረገችው ጣውንትሽ ናት የተባለችው ልጅ ናት። እናቴ ያልኳቸው ሴትዮ ግን እስክንወርድ ድረስ ቁርሳቸውን በሰዓቱ ይበሉ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ጠላትህን ትጠብቀዋለህ። በርህን ትዘጋበታለህ። ያመንከው ሰው ግን በሩን ከውስጥ ነው የሚከፍተው፤ ለዚህ ነው ክህደት ከዱላ በላይ የሚያመው። ለሰው የምትነግረው እውነት ካለህ ደግሞ ዘመዱን ሊጠራ በሚችልበት ቦታ ንገረው። የሚጮህበትን ጉሮሮ አፍነህ «ይቅርታ» አትበለው።

ባለፈው ቅዳሜ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። የምቱንዚ አጎት ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ሁለተኛዋም እንደሆነች ቀርታለች። ባልሽም አለ፣ ቤትሽም አለ። ታዲያ ምን ጎደለብሽ?»

ፊኪሌ እስካሁን አልመለሰችላቸውም...

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር? እውነት፣ ምን ጎደለባት? 👇