ያልተሰማ ዜማ

ዘፈኗ ተሰረቀ። በራሷ ስልክ ቀድታ፣ አልበሟ እስኪያልቅ ለባሏ እንኳ ያላሰማችው ዘፈን ትናንት በአንድ ስመ ጥር ድምፃዊ ስም ወጣ። ግጥሙ እንዳለ ነው፤ ዜማው ብቻ ወደ ጭፈራ ተለውጧል።

«ሳታውቂው የሆነ ቦታ አንጎራጉረሽው ይሆናል» አላት ባሏ ደርበው፣ ማሲንቆውን እየቃኘ። «እኔ እንኳ ገና ዛሬ ታክሲ ውስጥ ነው የሰማሁት።»

አዝማሪ ቤቱ ሞልቷል። አንድ ሞቅ ያለው ደንበኛ ብድግ አለ።

«ተቀበይ!»

«ልቀበል ጌታዬ!»

«ከዝናብ ስሸሸግ ከደጃፍህ ቆሜ፣
አንተው ጎርፍ ሆነህ ወሰድከኝ ወንድሜ።»

የራሷ ግጥም ነው። ማይኩን ከአፏ አራቀች። የተሰጠውን ግጥም አልቀበልም የሚል አዝማሪ ደግሞ የለም። ቤቱ ሁሉ አፍ አፏን ያያል።

«በይ እንጂ እቴ! የሰው ግጥም ከበደሽ እንዴ?» አለ ሰውዬው። ሳቁባት።

ደርበው ዝምታውን ሊሸፍንላት ቶሎ ብሎ ማሲንቆውን ገዘገዘ። የወጣው ድምፅ የታክሲው ጭፈራ አልነበረም። ቀስ ያለው፣ ስልኳ ውስጥ ያለው የራሷ ዜማ ነበር።

ዞር ብላ አየችው። እጁ መሃል ላይ ቆመ።

ማይኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።