ሹፌሩ በሌለባቸው ቀኖች

ሹፌሩ ቀዩን ደብተር ያገኘው ሚስቱ ከተቀበረች በአምስተኛው ሳምንት፣ ለመቃብሯ ድንጋይ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ሲበረብር ነው። ከሹራቦቿ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር።

ሰማያዊዎቹን ደብተሮች ያውቃቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ቼዝ ሲጫወቱ እያንዳንዱን እርምጃ የምትጽፍባቸው እሷ ነበረች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች ሳትጽፍ የምታልፈው ነገር አልነበራትም። የምታሸንፈውም እሷው ናት። እሱ ዳር ላይ ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ሳይገፋ ጨዋታ አይጀምርም፤ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ከመግባቱ በፊት መውጫውን ያያል። አንድ ቀን እንኳ አውቃ ተሸንፋለት አታውቅም።

"ብለቅልህ ይገባሃል፤ ከገባህ ደግሞ ሳምንት ታኮርፋለህ" ትለው ነበር።

ቀዩ ደብተር ላይም ጽሑፉ የእሷ ነው። መቶ አሥራ አራት ጨዋታ። ቀን አለው፤ የተጫዋች ስም ግን የለውም።

ሹፌሩ ጡረታ እስኪወጣ የያዘውን የጉዞ መዝገብ አወጣና ቀኖቹን አንድ በአንድ አመሳከረ። ከመቶ አሥራ አራቱ ጨዋታ አንዱም እሱ ቤት በነበረበት ቀን አልተደረገም። ሁሉም እሱ መንገድ ላይ ሳለ ነው።

በዚያው ቀን ድንጋይ ጠራቢው ደወለ።

"ከስሟ ሥር 'ከሚወድሽ ባለቤትሽ' ይበል ብለኸኝ ነበር። ልጀምር?"

"ስሟን ጻፍና ቆይ" አለው ሹፌሩ። "ሌላውን ቅዳሜ እነግርሃለሁ።"

ቦርዱን ዘርግቶ ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ደገማቸው። ከእሷ ጋር የተጫወተው ሰውዬ ይህን ያህል ተጫዋች አይደለም። ወታደር ለመብላት ሲስገበገብ ንጉሡን ሜዳ ላይ ይረሳዋል። ሆኖም መቶ አሥራ አራቱንም ያሸነፈው እሱ ነው። እሷ ማሸነፊያው ፊቷ ተዘርግቶ ሳለ ሌላ ነገር ትነካለች። ለገዛ ባሏ ያልራራች ሴት ለዚያ ሰውዬ አንጀቷ ተላውሷል። ሹፌሩን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይኼ ነው።

በሰፈሩ ቼዝ ከሚችሉት ውስጥ ቤታቸውን የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ብቻ ነበር። ሹፌሩ መንገድ ሲወጣ የደም ግፊት መድኃኒቷን እቤት ድረስ የሚያመጣላት እሱ ነው። በቀብሯም ቀን ከዘመድ እኩል አልቅሷል።

የሹፌሩ የእህት ልጅ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ቼዝ የሚመረምር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበራት።

"ሰው በእርምጃው ይለያል፣ ጋሼ" አለችው። "ሁሉም የራሱ አሳሳት አለው። የምትጠረጥረውን ሰው ጨዋታዎች አምጣልኝ። ሰማያዊዎቹንም ስጠኝ፤ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የእትዬን እጅ መልመድ አለበት።"

ፋርማሲስቱ ክለብ ውስጥ የተጫወታቸውን ጨዋታዎች የጻፈባቸውን ወረቀቶች ሳያንገራግር ሰጠው። አለማንገራገሩ ራሱ ሹፌሩን አላማረውም።

"ከባለቤቴ ጋር ተጫውተህ ታውቃለህ?"

"እኔማ ስንቴ ለመንኳት። 'የምጫወተው ሰው አለኝ' አለችኝ።"

"ማን ነው አላልካትም?"

ፋርማሲስቱ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ጠረገው። "ያገባች ሴት ምን ብዬ እጠይቃለሁ?"

ሹፌሩ ወረቀቶቹን ይዞ ወጣ። ዓይን አውጣ፣ አለ በልቡ።

የእህቱ ልጅ ፋይሎቹን «እትዬ»፣ «ጋሼ»፣ «ፋርማሲስቱ» ብላ ሰየመችና ቀዩን ደብተር ለብቻው አስገባች። ሦስት ቀን ያስፈልገኛል አለችው።

ሦስቱ ቀን አላልቅ አለው። ቤቱ ጭር ብሏል። ልጅ አልወለዱም፤ የሚያንኳኳ ሰው የለም። ምሳውን ምድጃው አጠገብ እንደቆመ ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ከዚያ ቀኑ ገና መሆኑን ያያል። በሹፌርነቱ ዘመን መንገድ ላይ ብቸኝነት ሲያንገላታው፣ የምትጠብቀኝ አለች እያለ ይጽናና ነበር። አሁን ያቺንም ወሰዱበት። አልፎ አልፎ የእሷን ወንበር እያየ፣ ምን አጎደልኩብሽ ይላል። ደግሞም መልሱን ያውቀዋል፤ ከዓመቱ ግማሹን ቤት አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት የእህቱ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ማንበብ ጀመረች።

"ሰውዬው በየጨዋታው መጀመሪያ አንድ እርምጃ በከንቱ ያባክናል ይላል።"

"ሥራ ፈት መሆኑንማ አውቃለሁ።"

"ስግብግብ ነው፤ አደጋ አይታየውም ይላል።"

"ሌላስ?"

"እትዬ ደግሞ አውቃ ነው የምትሸነፈው። አንዱንም ተሳስታ አልተሸነፈችም።"

የእጅ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መጥራት ጀመረ። ድንጋይ ጠራቢው ነው። አላነሳውም።

"ስሙን ንገሪኝና ይውጣልኝ" አላት። "ፋርማሲስቱ ነው አይደል?"

"ከፋርማሲስቱ ጋር የሚመሳሰለው አሥራ ሁለት በመቶ ብቻ ነው። እሱ አይደለም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"ማንም አልመጣም፣ ጋሼ። ሁለቱንም ወገን ያንቀሳቀሰችው ራሷ ናት" አለችው የእህቱ ልጅ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ላፕቶፑን አንስታ ወደ እሱ አዞረችለት።

«ጋሼ»፣ ዘጠና አራት በመቶ።