አንድ ሰው የሚጭን ሞተር

አያ ደስታው የማገዶ ክምር ሲያነሳ ጊንጥ ጣቱን ነደፈው፤ ጩኸቱ የመንደሩን ሰው ሁሉ ሰበሰበ። ሚስቱ እናኑ ከሁላችን ቀድማ ደርሳ ጊንጡን ረግጣ ገድላው ነበር።

«አያ፣ ጅብ የነከሰህ አስመሰልከው እኮ» አልኩት።

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ክንዴ እሳት ሆኗል፤ መሞቴ ነው።»

የጤና ኤክስቴንሽኗ ስታስተምረን፣ ሕመሙ ብቻ የሚያስጮኸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ መርዙ በላብ ያጠመቀውን፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተውንና የሚንቀጠቀጠውን ግን ፈጥናችሁ አድርሱ ብላን ነበር። የአያ ደስታውን ግንባር ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ቢሆንም ማን ደፍሮ ይቅር ይላል? ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። በቀበሌው ያለው ሞተር ሳይክል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከነጂው ሌላ የሚጭነውም አንድ ሰው ነው።

እናኑ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ግድግዳው ላይ ተደግፋለች።

«ምነው እናኑ፣ ሰውየው ሳይሞት ልታለቅሺለት ነው?» ስል ቀለድኩባት።

በእጇ ብቻ ባሏን፣ ከዚያም ሞተሩን አመለከተች።

ሞተሩ አያ ደስታውን ይዞ ሄደ፤ ጩኸቱም ከአቧራው ጋር ከኮረብታው ማዶ ጠፋ።

«በይ አሁን አረፍ በይ፤ ድኖ ይመጣልሻል» ብዬ እጇን ስይዛት ይንቀጠቀጣል። ነጠላው ከአፏ ላይ ወደቀ፤ በምራቅ ርሷል።

«እሱ ይቅደም ብዬ ነው» አለችኝ፣ ምላሷ እየተሳሰረ።

ጊንጡን የረገጠችበትን ባዶ እግሯን ከመሬት አንስታ ይዛለች።