ቀጭኑ ድምፅ

የቀድሞው መምህር በሕይወቱ የብየዳ ካውያ ጨብጦ አያውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ግን የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ የሁለቱን አሮጌ ስፒከሮች ጀርባ በካቻቢቴ ፈታ። አርብ በሦስት ሰዓት የይግባኝ ጉባኤው ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማዋል።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲው «ፈተና አሾልከህ አውጥተሃል» ብሎ አባረረው። ውሳኔው አንድ መስመር ነበር፤ «ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም በማለቱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሯል።» ማንም አልጠየቀውም። ይህንኑ ለሚስቱ እስክትሞት፣ ለጎረቤት እስኪሰለች ሲናገር ኖሯል። የተባረረበት ስብሰባ ካሴት ቅጂ የተሰጠው ባለፈው ወር ነው።

ካሴቱን የሰማው ብቻውን ነው፤ የሌላ ሰው ጆሮ ማመን ካቆመ ቆይቷል። የሰብሳቢው ጎርናና ድምፅ አለ። የራሱ ሳል አለ። የስብሰባው ጸሐፊ ጠየቀች በተባለበት ቦታ ግን ምንም የለም። ደስ ሊለው ነበር። ነገር ግን የስፒከር ሳጥኖቹ አይታመኑም፤ ዘፈን እንኳ ሲከፍትባቸው ዋሽንቱ ጠፍቶ ከበሮው ብቻ ይቀራል። ጸሐፊዋ ደግሞ ድምፀ ቀጭን ነበረች። ሳጥኑ ደህና ሆኖ ዝም ካለ ዝምታው ማስረጃ ነው። ሳጥኑ ከታመመ ግን ዝምታው የማንም መጫወቻ ነው።

«ካፓሲተሮቹ ደርቀው ይሆናል» አለው ሐኪሙ። ሐኪሙ አብሮ አደጉ ነው፤ ሬዲዮ ይጠግናል። ስሙ የወጣለት በየዕቃው ግንባር ላይ ምርመራውን በአንድ ቃል ጽፎ ስለሚለጥፍ ነው፤ «ተቃጥሏል»፣ «ይሠራል»፣ «ይቀበር»። «ቀጭኑን ድምፅ ለትንሿ ስፒከር የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። አምጣቸውና ልቀይርልህ።»

«ከቤቴ አይወጡም። እኔው እቀይራለሁ።»

«አንተ? አምፖል ልቀይር ብለህ ሰፈሩን ያጨለምከው?»

ማክሰኞ ሁለት ጣቱን አቃጠለ። የገዛቸው ካፓሲተሮችም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸው ሆኑ፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ምልክት የሌለው ነው። ረቡዕ ሐኪሙ ትክክለኛዎቹን ሰጠውና መምህሩ ነቅሎ እንደገና በየደ። ሥራው እንዲህ ወስዶት ሻይ የጣደበት ማንቆርቆሪያ አፏጭቶ አፏጭቶ፣ ውሃው አልቆ ከሰለ።

ሁሉ ትንኝ የሚላት ልጁ በሩን በርግዳ ገባች። «አባዬ፣ ቤቱን ልታነደው ነው እንዴ?»

«ምን ታጉተመትሚያለሽ? እንደ ሰው ተናገሪ።»

ካሴቱን ከፈተ። ሰብሳቢው፣ ሳሉ፣ ከዚያ ምንም። ሐኪሙ የደረቀ ዕቃ ሰጥቶት ይሆን? ያኔም ምስክር ሁነኝ ሲለው ቀርቷል።

ሐሙስ ጠዋት ቃሉን አጥፎ አንዱን ሳጥን ተሸክሞ ሄደ። ሐኪሙ ሽቦ አገናኝቶ፣ ከመሞከሪያው ቀጭን ድምፅ ላከበት። ደጃፉ ላይ የተኛው ውሻ ብድግ ብሎ ወደ ማዶ ተሻገረ።

«ይኸው፣ ምንም የለም» አለ መምህሩ።

ሐኪሙ ሳጥኑን አየ፤ ከዚያ እሱን አየ። «እዚህ ተወው። አመሻሽ ላይ ለትንኝ እልክላታለሁ።»

«ነገ ምን እንዳለብኝ ታውቃለህ። እንደ ያኔው እንዳትቀርብኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከካውያው ሳያነሣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ጋሪ ገፊ ሳጥኑን አደረሰ። ግንባሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «አይሰማም»።

መምህሩ «ሰ»ን አጥብቆ ጮክ ብሎ አነበበው። አለቀ። ሐኪሙም አመነ፤ ሳጥኑ ሙት ነው። ሌላ የሚፈልግበት ቀን የለም፣ ሌላ የሚያምነው ሰው የለም። ቢሆንም ሽቦውን አገናኝቶ ካሴቱን ከፈተና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሩን መዝጋት ረሳ።

ሰብሳቢው ተናገረ። የራሱ ሳል መጣ። ከዚያ ያ የሚያውቀው ዝምታ።

«አልጠየቀችኝም» አለ ለመስኮቱ። «አልጠየቀችኝም።»

ትንኝ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወረቀቱን ከሳጥኑ ላይ ላጠችው፤ «ሰ»ን አላልታ በሹክሹክታ አነበበችው፤ ከዚያ የአባቷን ማጅራት አየች።

«ጌታዬ፣ ይኸው ስጠይቅዎ ሦስተኛዬ ነው፤ መልስ የለዎትም?» አለች ጸሐፊዋ ከሳጥኑ ውስጥ።