ሁለተኛው ማንኪያ

በዓባይ ዴልታ አንድ መንደር ውስጥ፣ ተማሪዋ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት መጠይቋን ጉልበቷ ላይ እንደዘረጋች፣ የሻዲ እናት ሁለተኛውን ማንኪያ ስኳር ቡናው ላይ ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝ አደረገች። ስኳር በሽታ የጎዳው እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። የጤና ትምህርት መምህሯ ተማሪዎቻቸውን «አትስበኩ፤ አድርጋችሁ አሳዩ» ይሏቸው ነበርና፣ «እማማ፣ ሌላ ቀድተን ዛሬ ሁለታችንም ያለ ስኳር እንጠጣ» አለች።

«ማን ሞቶ?» አሉ።

ያለ ስኳር የሚጠጣው የለቅሶ ቡና መሆኑን፣ እሷም የዓባይ ዴልታ ልጅ ናትና፣ አታጣውም፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጎረምሳ ፎቶ ቀና አሉ። የሟች ፎቶ ላይ የሚታሰረው ጥቁር ጨርቅ የለበትም። «ሻዲ በጀልባ ወደ ጣሊያን ከወጣ ሦስት ዓመቱ። ድምፁም የለ። እዚህ ቤት መራራ ቡና ከተጠጣ፣ ጎረቤቱ ‹ቁርጧን አወቀች› ነው የሚለው።»

መጠይቁ ላይ «ስኳር የማይቀንሱበት ምክንያት» ከሚለው ሥር አራት ምርጫ ነበር፤ ይሄ የለበትም። ተማሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። «እማማ፣ አንድ ማንኪያ ካለበት እኮ የለቅሶ አይባልም» አለች። «ሻዲ ሲመጣ በእግርዎ ሄደው ይቀበሉት እንጂ።»

የሻዲ እናት ፋሻውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሁለተኛውን ማንኪያ ስኳር ወደ ስኳሩ ጣሳ መለሱት።