ማወፈሪያው

ሩሀማ ታቦር ሰፈር ባለው ቤቷ የፊት ጄል እያዘጋጀች ለሰፈሩ ሴቶች ትሸጣለች። ጄሉ እየቀጠነ ቢያስቸግራት ከገበያ ርካሽ የማወፈሪያ ዱቄት ገዝታ ጨመረችበት። ጄሉም ሲነኩት የጣት ቅርጽ ይዞ የሚቀር፣ ደስ የሚል ወፍራም ሆነላት። ደንበኛዋም በዛ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷና ደንበኛዋ እትዬ ፅጌ ጉንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው መጡ።

"ልጄ፣ እስኪ እዚህ ጋ ንኪኝ።"

ሩሀማ በጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

"ያምዎታል?"

"ኧረ ምንም! ያስፈራኝስ እሱ አይደል።"

"ዕድሜ ነው እትዬ፤ ቆዳ ሲያረጅ ቶሎ አይመለስም" አለቻቸው፣ ገበያዋ እንዳይበላሽባት። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ ልጇ ሮሆቦት ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ሩሀማ ያንኑ ጄል በየማለዳው ለልጇም ትቀባት ነበር።

"እማዬ፣ ይቅርታ ብዬሽ የለ?" አለች ልጅቱ እያለቀሰች። "ታዲያ ለምን አይለቀኝም?"

ጠዋት እናቷ በጥፊ ስትመታት ያረፉባት አምስቱም ጣቶች ጉንጯ ላይ ነበሩ። ቀልተው ሳይሆን ጎድጉደው።

ሩሀማ ልታቅፋት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።