ሠላሳኛው ሽመላ

ታክ ማንሆ ጡረታ የወጣ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ቁመቱ እንደ ሸንበቆ ተመዟል፤ ቅልጥሙ የቀጠነ ስለሆነ መንደርተኛው ሲስቅበት ኖሯል። የመንደሩ ሹም ኦክ ዶንግጉ ግን ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ሲመጣ አልሳቀም።

«ጋሼ፣ ጉድ ፈልቷል። ነገ ተቆጣጣሪው ሽመላ ሊቆጥር ከሴኡል ይመጣል።»

ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ጨዋማ ረግረግ የተከለለው ለነጭ ሽመላዎች ነው። ሠላሳ ካልሞሉ ክልሉ ይሰረዛል፤ ረግረጉ በድንጋይ ይሞላና ፋብሪካ ይተከልበታል። ያን ጊዜ ሸርጣኑም፣ ሸርጣን ለቅሞ የሚያድረው መንደርም አለቀላቸው።

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ጎድሏል።»

«ታዲያ እንቁላል ልጣልልህ?»

«የለም፣ ቁምልኝ።» ሹሙ ከከረጢቱ ነጭ አንሶላ፣ የቀርከሃ ምንቃርና አንድ እፍኝ የዳክዬ ላባ አወጣ። «አደራ፣ ለሰው ትንፍሽ እንዳትል። ለሚስትህም ቢሆን።»

«ለእሷማ ምን ብዬ? ሽመላ ሆኜ ተቀጠርኩ ልበላት?»

ግን አባቱም አያቱም ከዚያ ጭቃ ነው የበሉት። እሺ አለ።

ሲነጋ ሚስቱ ቦንሱን ቦቲዋን አጥልቃ ቀደመችው። «እህቴ ጋ ጎመን ልንዘፈዝፍ ነው፤ ለምሳ አትጠብቀኝ» አለች ዓይኑን ሳታይ። ማንሆ እፎይ አለ። መንገዱም ጭር ብሏል፤ ሱቁ ዝግ፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ። እንኳን ማንም አላየኝ ብሎ አንሶላውን ተከናንቦ፣ ምንቃሩንና ላባውን አስሮ ጭቃው ውስጥ ገባ።

ሽመላዎቹ ጭጋጉ ውስጥ ተበታትነው ቆመዋል። ሽመላ ሰው ከሸተተው ይነሣል፤ አንዱ ከተነሣ ሁሉም ይከተላሉ። አንገቱን ሰብሮ፣ እግሩን እያጠፈ፣ ቀስ ብሎ ተጠጋ። አንድም አልተነሣ። እንዲያውም አንዱ ወፍራም ሽመላ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ማንሆ ኩራት ተሰማው፤ በዕድሜው ሙሉ ቅልጥሙ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።

ማዶ ካለው ማማ ላይ ተቆጣጣሪው መነጽሩን ደቀነ። ቆጠረ። ጻፈ።

ያኔ የዳክዬው ላባ ማንሆ አፍንጫ ውስጥ ገባ። ጥርሱን ነከሰ። ትንፋሹን ያዘ። አልቻለም።

«ሃጢሽ!»

ማማው ሩቅ ነው፣ እዚያ አይሰማም። ሽመላዎቹ ግን ሰምተዋል። በቃ፣ ሊበሩ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሃያ ዘጠኙም ሽመላዎች በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» አሉት።